ፋስ፡ በአስጎብኚ እግር የምትታይ የሞሮኮ ጥንታዊት ከተማ

“ባላክ! ባላክ!” የሚል ድምፅ ከኋላው ሲሰማ የፋስ ነዋሪ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ቃሉ በሞሮኮ አረብኛ “ተጠንቀቅ፤ መንገድ ልቀቅ” እንደ ማለት ነው። ወዲያውም ጥሬ ቆዳ፣ የጋዝ ሲሊንደር ወይም ሲሚንቶ የጫነች በቅሎ በአጠገቡ ታልፋለች። ለከተማዋ እንግዳ የሆነ ጎብኚ ግን የቃሉን ትርጉም የሚረዳው ብዙ ጊዜ ጭነቱ ትከሻውን ከነካው በኋላ ነው።

በሰሜን ሞሮኮ የምትገኘው የፋስ ጥንታዊ ከተማ፣ በአካባቢው አጠራር “ፋስ ኤል ባሊ” ወይም አሮጌዋ ፋስ፣ በግንብ የታጠረች፣ ውስጧን መኪና የማይመላለስባትና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ነዋሪ ያልተለያት ከተማ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ በ1981 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። 280 ሄክታር ገደማ በሚሸፍነው የቅርስ ክልል ውስጥ በርካታ ጠባብ መተላለፊያዎች የሚገኙ ሲሆን ከእነዚህም ብዙዎቹ መውጫ የላቸውም። አንዳንዶቹም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም።

ወደ ፋስ ከሚመጡት ጎብኚዎች መካከል ቀላል የማይባሉት የሚቆዩት ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ከራባት፣ ከካዛብላንካ ወይም ከመክነስ ማለዳ ተነስተው ማታ ይመለሳሉ። በዚህ አጭር ጊዜ ጎብኚው ምን እንደሚያይ፣ የሚያወጣው ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባና ስለ ከተማዋ ምን ይዞ እንደሚመለስ በአመዛኙ የሚወሰነው አብሮት በሚሄደው አስጎብኚ ነው። ይህ ጽሑፍ የከተማዋን አመሠራረት፣ የአንድ ቀን ጉብኝት የሚከተለውን መስመር፣ የአስጎብኚ አመራረጥንና ከጉብኝቱ ጀርባ ያለውን የነዋሪዎች ኑሮ ያስቃኛል።

የከተማዋ አመሠራረት

የፋስ ታሪክ የሚጀምረው በስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። የነቢዩ መሐመድ ዘር የሆነው ኢድሪስ ቀዳማዊ ከአባሲዶች አገዛዝ ሸሽቶ ወደ ሞሮኮ ከመጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ789 ከወንዙ በስተቀኝ በኩል የመጀመሪያውን ሠፈር ቆረቆረ። ልጁ ኢድሪስ ዳግማዊ ደግሞ እ.ኤ.አ በ809 ከወንዙ ማዶ ሁለተኛውን ከተማ መሠረተ።

ስለ ስሟ የሚነገረው አፈ ታሪክ የከተማዋ መሠረት የተጫረው በወርቅና በብር በተሠራ መጥረቢያ እንደሆነ ይገልጻል። “ፋስ” የሚለው ቃል በአረብኛ መጥረቢያ ወይም መቆፈሪያ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛም ፋስ መጥረቢያ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ረገድ የአማርኛ ተናጋሪ ጎብኚ የከተማዋን ስም ያለ አስተርጓሚ ይረዳል ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ሠፈሮች ከተማ ያደረጓቸው ስደተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ በ818 በስፔኗ ኮርዶባ የተነሳው ዓመፅ ከተደመሰሰ በኋላ የተባረሩ ቤተሰቦች በወንዙ ቀኝ ዳር ሰፈሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ዛሬ በቱኒዚያ ከምትገኘው ከካይሩዋን የመጡ ሰዎች በግራው ዳር ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሠፈር የአንዳሉስ፣ ሁለተኛው የቀረዊዪን ተባለ። ስደተኞቹ የግንባታ፣ የሽመና፣ የቆዳና የንግድ ሙያቸውን ይዘው መጥተዋል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት አልሞራቪዶች ሁለቱን ከተሞች በአንድ ግንብ ውስጥ አዋሐዷቸው።

ፋስ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰችው በማሪኒዶች ዘመን ነው። እነዚህ ገዢዎች በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ መዲናቸው ካደረጓት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1276 ከአሮጌዋ ከተማ ጎን “ፋስ ኤል ጀዲድ” የተባለችውን አዲሲቱን የቤተ መንግሥት ከተማ መሠረቱ። ዛሬ ለጎብኚ የሚታዩት ያማሩ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች አብዛኞቹ በእነርሱ የተሠሩ ናቸው። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኻልዱን በፋስ ቤተ መንግሥት አገልግሏል። አይሁዳዊው ፈላስፋና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ለጥቂት ዓመታት በከተማዋ ኖሯል።

ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ የሚቀርበው ግን የተጓዡ የኢብን ባቱታ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ በ1304 በታንጀር የተወለደው ይህ ሰው ለሠላሳ ዓመታት ያህል ዓለምን ከዞረ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የፋሱ ሱልጣን አቡ ኢናን ያየውን ሁሉ እንዲያጽፍ አዘዘው። ኢብን ጁዘይ የተባለ ጸሐፊም ቃሉን ተቀብሎ እ.ኤ.አ በ1355 ሥራውን አጠናቀቀ። በዚሁ መጽሐፍ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደብ የነበረችው ዘይላ ተጠቅሳለች። ኢብን ባቱታ በዘይላ የዓሣና የታረዱ ግመሎች ሽታ አስመርሮት ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማሳለፉን ተናግሯል። የፋስን የቆዳ ማልፊያ ያየ ጎብኚ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሞሮኮ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር የገባችበት ውል የተፈረመው በዚህችው ከተማ እ.ኤ.አ መጋቢት 30 ቀን 1912 ነው። የፈረንሳይ አስተዳዳሪ የነበሩት ጄኔራል ሊዮቴ መዲናዋን ወደ ራባት አዛወሩ፤ ለአውሮፓውያን መኖሪያም ከግንቡ ውጭ አዲስ ከተማ አስገነቡ። በዚህ ምክንያት አሮጌዋ ፋስ ሳትፈርስ ብትተርፍም ሥልጣንና ሀብት ቀስ በቀስ ከእርሷ ርቀዋል። ሞሮኮ ነፃነቷን የተቀዳጀችው እ.ኤ.አ በ1956 ነው።

የአንድ ቀን ጉብኝት መስመር

ከራባት እስከ ፋስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከካዛብላንካ የሚነሳ መንገደኛ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው መክነስ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መድረስ ይቻላል። ከካዛብላንካ ደርሶ መልስ የሚያደርግ ጎብኚ ለከተማዋ የሚተርፈው ጊዜ ከአምስት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ስለሆነም የሚቻለው ሰው በዋዜማው ቢደርስ ይመረጣል።

ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች ጉብኝቱን የሚጀምሩት ከከፍታ ላይ ነው። በደቡብ በኩል በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከተሠራው ምሽግ፣ ወይም በሰሜን በኩል ከማሪኒድ ነገሥታት የመቃብር ፍርስራሽ ላይ ሲታይ ከተማዋ በሸለቆ ውስጥ እንደተደፋ ድርድር ሣጥን ትመስላለች። ሚናሬቶቹ፣ አረንጓዴ የሸክላ ጣሪያዎቹና የቆዳ ማድረቂያ ተዳፋቶቹ ከዚህ ተለይተው ይታያሉ። ጎብኚው በኋላ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ሲገባ አቅጣጫውን ለመገመት የሚረዳው ይህ የጠዋት ዕይታ ነው።

ቀጥሎ ያለው ማረፊያ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡ ቤተ መንግሥት መግቢያ ነው። ወደ ግቢው መግባት አይፈቀድም፤ የነሐስ በሮቹን ከውጭ መመልከት ግን ይቻላል። ከዚያው አጠገብ “መላህ” የሚባለው የአይሁድ ሠፈር ይገኛል። እ.ኤ.አ በ1438 የተቋቋመው ይህ ሠፈር በሞሮኮ የመጀመሪያው ሲሆን፣ በኋላ በሌሎች ከተሞች ለተመሠረቱት ሠፈሮች ሁሉ ስሙን አውርሷል። ወደ ጎዳናው የወጡት የእንጨት ሰገነቶች ከሙስሊሞቹ ቤቶች ይለዩታል፤ የሙስሊሞቹ ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ ግቢ ያዞረ፣ በውጭ በኩል ባዶ ግድግዳ የሚታይበት ነው። የሠፈሩ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ከ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ወደ እስራኤል፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ካናዳ ሄደዋል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው የኢብን ዳናን ምኩራብ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።

ወደ አሮጌዋ ፋስ የሚገባው ባብ ቡ ጀሉድ በተባለው በር ነው። በሩ ከግንቡ ጋር ሲነጻጸር አዲስ ነው፤ የተሠራው እ.ኤ.አ በ1913 ነው። በውጭ በኩል ሰማያዊ፣ በውስጥ በኩል አረንጓዴ የሸክላ ጌጥ ለብሷል። ከበሩ በኋላ “ጠላዓ ከቢራ” የሚባለው ዋናው መንገድ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በዚህ መንገድ መንገዱ የጠፋበት ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ቀላል ዘዴ አለ፤ ቁልቁለቱ ወደ ከተማዋ መሀል፣ ዳገቱ ወደ በሩ ይወስዳል።

ከበሩ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ቡ ኢናኒያ መድረሳ እ.ኤ.አ ከ1350 እስከ 1355 የተገነባ ነው። በሞሮኮ መስጊዶች በአብዛኛው ሙስሊም ላልሆኑ ጎብኚዎች ክፍት ስላልሆኑ፣ ይህ መድረሳ የሃይማኖቱን ሥነ ሕንፃ ከውስጥ ለማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ጌጡ በሦስት እርከን ይታያል። ከታች በእጅ ተጠርቦ የተገጣጠመ ባለ ቀለም ሸክላ፣ ከመሀል የተቀረጸ ጀሶ፣ ከላይ ደግሞ ከአትላስ ተራሮች የመጣ የአርዘ ሊባኖስ ዘር የሆነ እንጨት አለ። ከፊት ለፊቱ እ.ኤ.አ በ1357 የተሠራ የውሃ ሰዓት ቤት ሲገኝ፣ አሥራ ሁለቱ መስኮቶቹ ዛሬም ይታያሉ። ሰዓቱ በትክክል እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያስረዳ መረጃ አልተገኘም።

ቁልቁል ሲወረድ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሠፈር እንዳለው ይስተዋላል። አናጢዎች በሚሠሩበት በነጃሪን አደባባይ የቆመው የ18ኛው ምዕተ ዓመት የነጋዴዎች ማረፊያ እ.ኤ.አ ከ1998 ጀምሮ የእንጨት ሥራዎች ሙዚየም ሆኗል። የቅመም ነጋዴዎች መንገድ ደግሞ ወደ አታሪን መድረሳ ያደርሳል። እ.ኤ.አ በ1325 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ከቡ ኢናኒያ ቢያንስም በጌጥ አሠራሩ ረቂቅነት ይመሰገናል።

ከአታሪን ጥቂት እርምጃ ርቆ የቀረዊዪን መስጊድና ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ተቋሙን እ.ኤ.አ በ859 የመሠረተችው ፋጢማ አልፊህሪ የተባለች የካይሩዋን ስደተኛ ነጋዴ ልጅ መሆኗ ሲተረክ ኖሯል። ከአባቷ የወረሰችውን ሀብት ለዚሁ ሥራ እንዳዋለችውም ይነገራል። ዩኔስኮን ጨምሮ ብዙዎች ቀረዊዪንን በዓለም ሳያቋርጥ ከሠሩ የትምህርት ተቋማት ሁሉ አንጋፋው ነው ይሉታል፤ በ1960ዎቹም በሞሮኮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ቤተ መጻሕፍቱ በሞሮኳዊቷ አርክቴክት አዚዛ ሻውኒ መሪነት ታድሶ ሥራው እ.ኤ.አ በ2016 ተጠናቋል። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ የመስጊዱን ግቢ በበሩ ላይ ቆሞ ይመለከታል። ጥሩ አስጎብኚ የትኛው በር የተሻለ ዕይታ እንዳለው ያውቃል።

ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ሳፋሪን የተባለው የመዳብ ቀጥቃጮች አደባባይ አለ። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ለሠርግና ለድግስ የሚከራዩ ግዙፍ የመዳብ ድስቶች እዚሁ ይሠራሉ፤ ይጠገናሉም። ይህ ለጎብኚ ተብሎ የተዘጋጀ ትርዒት አይደለም፤ ደንበኞቹ የከተማዋ ሰዎች ናቸው።

የሹዋራ የቆዳ ማልፊያ

ፋስን በፎቶግራፍ ያስተዋወቃት ሹዋራ የተባለው የቆዳ ማልፊያ ነው። በከተማዋ እስካሁን ከሚሠሩት ሦስት ባህላዊ የቆዳ ማልፊያዎች ትልቁ ይኸው ነው። ጎብኚው የሚያየው በዙሪያው ካሉት የቆዳ መሸጫ ሱቆች ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። በመግቢያው ላይ ባለ ሱቁ አንድ እፍኝ ናና ይሰጠዋል፤ ሽታውን ለመከላከል አፍንጫ ሥር የሚያዝ ነው።

የሥራው ሂደት በሁለት ይከፈላል። የበግ፣ የፍየል፣ የላምና የግመል ቆዳ በመጀመሪያ ነጭ በሚመስሉት ጉድጓዶች ውስጥ ይዘፈዘፋል። በእነዚህ ጉድጓዶች ኖራና የርግብ ኩስ የተቀላቀለበት ውሃ አለ። ኖራው ጸጉሩን ያስለቅቃል፤ ኩሱ ደግሞ ቆዳውን ያለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ታጥቦ ወደ ማቅለሚያ ጉድጓዶች ይሸጋገራል። በቀድሞው ልማድ ቀለሙ ከዕፅዋት የሚገኝ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ የፋብሪካ ቀለምም ጥቅም ላይ ይውላል። ሠራተኞቹ እስከ ጭናቸው በጉድጓዱ ውስጥ ገብተው በእጅና በእግራቸው ያሹታል። የቀለመው ቆዳ በጣሪያዎችና በተዳፋቱ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

ከላይ ሆኖ ሲታይ ጉድጓዶቹ የሠዓሊ የቀለም ሣጥን ይመስላሉ። ከታች ሆኖ የሚሠራው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ በኖራና በቀለም ውስጥ የሚውል ነው። ጎብኚው ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ሱቁ ውስጥ ጃኬት ገዝቶ ሲወጣ ከሁሉ በፊት ገንዘቡን የሚያገኘው ባለ ሱቁ ነው። አስጎብኚው ስለ ሥራው ካላስረዳ ደግሞ ጎብኚው ይዞ የሚሄደው የሽታውን ትዝታ ብቻ ይሆናል።

አስጎብኚውን ማወቅ

በሞሮኮ አስጎብኚነት በሕግ የሚመራ ሙያ ነው። ሕግ ቁጥር 05-12 አስጎብኚዎችን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹ የከተሞችና የጉዞ መስመሮች አስጎብኚዎች ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ የተፈጥሮ ሥፍራዎች፣ ማለትም የተራራና የበረሃ አስጎብኚዎች ናቸው። ፈቃድ ያለው ሰው ፎቶግራፉ የተለጠፈበት መታወቂያ ስለሚይዝ ጎብኚው ይህንኑ ማየት ይችላል፤ ጥያቄውም እንደ ነውር አይቆጠርም።

ፈቃድ ሳይኖራቸው በበሮቹ አካባቢ ጎብኚን የሚጠብቁ ወጣቶችም አሉ። “መንገዱ ተዘግቷል”፣ “የቆዳ ማልፊያው በዚህ በኩል ነው” ወይም “ዛሬ የገበያ በዓል ነው” የሚሉት አባባሎች የተለመዱ ናቸው። የቱሪስት ፖሊስ በከተማዋ መሰማራቱ ችግሩን የቀነሰው ቢሆንም ጨርሶ አላጠፋውም። ጎብኚው በትሕትና አመስግኖ ማለፉ ይበቃል። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ሥራ ያጡ የከተማዋ ልጆች መሆናቸውና አንዳንዶቹ የተወለዱበትን መተላለፊያ ማንም ከሚያውቀው በላይ የሚያውቁት መሆኑ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የሥነ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የሥራ ዕድል ጥያቄም ነው።

ፈቃድ መኖሩ ብቻውን ጥሩ ጉብኝት ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። በአስጎብኚና በሱቅ መካከል ያለው የኮሚሽን አሠራር በፋስ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ባለ ሱቁ ለአስጎብኚው የሚከፍለው ድርሻ በዕቃው ዋጋ ላይ የሚታከል በመሆኑ በመጨረሻ የሚከፍለው ጎብኚው ነው። ለዕቃው ሠሪ የሚደርሰው ግን በዚሁ መጠን አይጨምርም። ከአምስት ሰዓት ጉብኝት ሁለቱ ምንጣፍ ቤት ውስጥ ሻይ እየተጠጣ ካለቀ ለመድረሳዎቹና ለሙዚየሙ የሚቀረው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ይህን ለማስቀረት የሚረዱት ነገሮች ከጉዞው በፊት የሚደረጉ ስምምነቶች ናቸው። ጎብኚው የቀኑን ክፍያ፣ ጉብኝቱ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት፣ የመግቢያ ክፍያዎች በማን እንደሚሸፈኑና ስንት ሱቅ እንደሚገባ አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል። “መግዛት አልፈልግም፤ ሲሠራ ማየት ግን እፈልጋለሁ” የሚል ግልጽ ቃል ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። መግዛት የሚፈልግ ሰው በሠሪው እጅ፣ በሥራው ቦታ ላይ ቢገዛ ገንዘቡ ለሙያተኛው ይደርሳል። ዋጋ መከራከር የማይወድም በመንግሥት ድጋፍ በተቋቋሙ የዕደ ጥበብ ማዕከላት በተወሰነ ዋጋ መሸመት ይችላል። አስጎብኚው ሥራውን በሚገባ ከተወጣ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። በቂ ክፍያ ያገኘ አስጎብኚ ኮሚሽን ፍለጋ ለመዞር የሚገፋፋው ምክንያት ያንሳል።

ሰው የሚኖርባት ቅርስ

ፋስን ከሌሎች ታሪካዊ ሥፍራዎች የሚለያት ፍርስራሽ ወይም ሙዚየም አለመሆኗ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እናቶች ያቦኩትን ሊጥ በሠሌዳ አድርገው ወደ ሠፈሩ ዳቦ ቤት ይልካሉ። ማለዳ የጋራ መታጠቢያ ቤቱ ምድጃ ይጨሳል። የከተማዋ ዕቃ የሚመላለሰው በበቅሎና በአህያ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ ከ1927 ጀምሮ የጭነት እንስሳትን በነፃ የሚያክም ሆስፒታል በፋስ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ከተማዋ ለረዥም ጊዜ በአደጋ ላይ ቆይታለች። ከነፃነት በኋላ ሀብታሞቹ ቤተሰቦች ወደ አዲሱ ከተማ፣ ወደ ካዛብላንካና ወደ ራባት ሲሄዱ፣ ከገጠር የመጡ ድሆች ሰፋፊዎቹን ቤቶች ክፍል በክፍል ተከራይተው ገቡ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ብዙ አባወራ ሲሸከም፣ አሮጌው የውሃ መስመር ሲያፈስና ጥገና ሲቋረጥ ግድግዳዎቹ መዝመም ጀመሩ። ዛሬም ጎብኚው በአንዳንድ መተላለፊያዎች ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠሩ የድጋፍ እንጨቶችን ያያል።

የወቅቱ የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር ሴኔጋላዊው አማዱ ማህታር ምቦው እ.ኤ.አ በ1980 ፋስን ለማዳን ዓለም አቀፍ ጥሪ አስተላልፈዋል። ከተማዋ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በተከታዩ ዓመት ነው። በኋላም የጥንታዊቷን ከተማ ጥገና የሚመራ ተቋም ተቋቁሞ፣ የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ በ1998 ድጋፍ ሰጥቷል። መድረሳዎቹ፣ በሮቹ፣ የነጋዴ ማረፊያዎቹና የቆዳ ማልፊያው በየተራ ታድሰዋል። አደጋው በቃል ብቻ የሚነገር አለመሆኑን በአቅራቢያዋ በመክነስ የደረሰው ያሳያል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2010 ከከባድ ዝናብ በኋላ በአሮጌው ከተማ የሚገኝ መስጊድ ሚናሬት በጁምዓ ጸሎት ጊዜ ተደርምሶ 41 ሰዎች ሞተዋል።

ቱሪዝም ለጥገናው ገንዘብና ምክንያት ይሰጣል፤ ጫናም ያመጣል። ብዙ አሮጌ ቤቶች ወደ እንግዳ ማረፊያነት ተለውጠዋል። ይህም ቤቶቹን ከመፍረስ ሲያድን የአካባቢውን የቤት ዋጋ ያንራል። ሞሮኮ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ በመጋቢት 2020 ድንበሯን ስትዘጋ ኑሯቸው በጎብኚ ላይ የተመሠረተ አስጎብኚዎችና ሙያተኞች ገቢያቸው ተቋርጦ ነበር። ዘርፉ ካገገመ በኋላ አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2024 ብቻ 17 ነጥብ 4 ሚሊዮን ጎብኚዎችን ተቀብላለች።

ለጉዞው የሚጠቅሙ ነጥቦች

የጉብኝቱን ቀን ሲመርጡ ዓርብን ማስወገድ ይመረጣል፤ በዚህ ቀን ብዙ ሱቆችና ወርክሾፖች ከቀትር ጀምሮ ይዘጋሉ። በረመዳን ወርም የሥራ ሰዓት ይለወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ስለሚሆን የጸደይና የመከር ወራት ይሻላሉ። መንገዱ ቁልቁለትና ዳገት፣ አንዳንዴም እርጥብ በመሆኑ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። መራመድ የሚቸገር ሰው ይህንኑ ለአስጎብኚው አስቀድሞ ቢነግር አጭር መስመር ሊያዘጋጅለት ይችላል።

ሰውን ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በተለይም ሴቶችንና በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ አክብሮትን ያሳያል። ድርሃም የተባለው የአገሪቱ ገንዘብ የሚመነዘረው በሞሮኮ ውስጥ በመሆኑና ትናንሽ ሱቆች ካርድ ስለማይቀበሉ ዝርዝር ገንዘብ መያዝ ይጠቅማል። በምሳ ሰዓት ሐሪራ የተባለው የምስርና የሽንብራ ሾርባ፣ ወይም ፋስ የምትታወቅበት “ፓስቲያ” ይቀርባል። ፓስቲያ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የርግብ ወይም የዶሮ ሥጋ ሲሆን፣ ከላዩ ስኳርና ቀረፋ ይነሰነስበታል። ሁለት መተላለፊያ ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው በየግድግዳው ላይ በቀለም የተለዩ የጉብኝት መስመር ምልክቶችን ተከትሎ ያለ አስጎብኚ መሄድ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣና አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ግን አስጎብኚ መያዙ የተሻለ ነው።

ከፋስ ወደ ሐረር

ፋስን የጎበኘ ኢትዮጵያዊ ሐረርን ማስታወሱ አይቀርም። እ.ኤ.አ በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል በስፋት ከፋስ በእጅጉ ታንሳለች። ሆኖም በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር እንደተሠራ በሚነገርለት ግንቧ፣ በአምስቱ ጥንታዊ በሮቿ፣ በ82 መስጊዶቿና ፊታቸውን ወደ ውስጥ ባዞሩ ቤቶቿ ተመሳሳይ የኑሮ ሥርዓት ይታይባታል። እርሷም እንደ ፋስ ሰው የሚኖርባት፣ ለአንድ ቀን የሚመጣ ጎብኚ በአስጎብኚ የሚያያት ከተማ ናት።

በመሆኑም የፋስ ልምድ ለሐረርም ሆነ ለሌሎች የአገራችን ታሪካዊ ከተሞች የሚጠቅም ነጥብ አለው። ጥገና አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አስጎብኚው በሙያው ሠልጥኖና ተገቢ ክፍያ አግኝቶ ሲሠራ፣ ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብም ለቅርጫት ሠሪዋ፣ ለመጽሐፍ ደጓሹና ለቤቱ ባለቤት ሲደርስ ነዋሪው ቅርሱን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። በፋስ መተላለፊያ “ባላክ” የሚለው ጥሪ የሚሰማው በቅሎ ነጂው አሁንም ሥራ ስላለው፣ የጫነውን ዕቃ የሚጠብቅ ነዋሪም በከተማዋ ስላለ ነው። ጎብኚውም ሆነ አስጎብኚው ይህን እያሰቡ መንገዱን ቢለቁ ጉብኝቱ ለሁሉም ወገን ጥቅም ይኖረዋል።